«ከየት አገኙት?» ያለችው ልጅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመመካት አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ እኔን ለመውቀስ እንዲመቻችሁ ብዬ ነው። ከእናንተ በፊት ግን ራሴን ራሴ ልውቀስ፤ መብቱ የኔ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባንክ ደጃፍ ላይ ነው። በጠዋት ጡረታዬን ልቀበል ስሄድ፣ አናጢው ወዳጄ የመስታወቱን በር ገፍትሮ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተገጣጠምን። ይህን ሰው ሰፈሩ ሁሉ አባ ልክ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምናውቅ እኔና ሚስቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አባ ልክ የተባለው አንዱን ጣውላ ሦስት ጊዜ ሳይለካ መጋዝ ስለማያሳርፍበት ነው። ቃሉም እንደዚያው ነው። ማክሰኞ ካለ ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ አባ ልክ ይምጣ ይባላል፤ ዋስ ሲጠፋ አባ ልክ ይጠራል። ከጎጆውና ከመሣሪያዎቹ በቀር ያለው ሀብት ያ ስሙ ነው፤ እሱም ያውቀዋል፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

ያን ቀን እርሳሱ ከጆሮው ጀርባ እንደተሰካ፣ ጥቁር ቦርሳ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ተዋርጄ ነዋ» አለኝ። «በስተርጅና ሌባ ተባልኩ።»

«ማን ደፍሮ?»

«ያቺ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። የሕፃንነት አልጋዋን በዚህ እጄ የሠራሁላት ልጅ። ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ ‹ጋሼ፣ ይህን ገንዘብ ከየት አገኙት?› አትለኝም?»

ልጅቱን አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ከሁለተኛው ረድፍ ተነሥታ «ለምን?» ሳትል የዋለችበት ቀን ስላልነበረ፣ ወይዘሪት ለምን የሚል ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ባንክ ተቀጠረች ሲባል ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

አባ ልክ እያንገሸገሸው ነገሩን አጫወተኝ። ገንዘቡ የእህቱ ልጅ ነው። ያ ሱፍ ለባሽ፣ ሁለት ስልክ ይዞ የሚዞረው ጎልማሳ። «አጎቴ፣ የኔ ሂሳብ ላይ አንዳንድ ወረቀት ስለሚጎድል ለአንድ ሳምንት ባንተ ሂሳብ ይቀመጥልኝ፤ ከዚያ ለሦስት ሰዎች ታስተላልፍልኛለህ» ብሎታል። አባ ልክ ሁለት ዓመት ምስማር ቢመታ የማያገኘውን ያህል ገንዘብ ነው። ልጅቱ ቅጽ ሰጠችው፤ ምንጩን ይጻፉ፤ የሽያጭ ውልም ሆነ የንግድ ፈቃድ ካለ ያሳዩኝ አለችው። እሱ ደግሞ፦

«‹የኔ ስም አይበቃሽም ወይ?› አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ስምዎን አከብራለሁ ጋሼ፤ ቅጹ ላይ ግን የስም መስመር ሌላ፣ የምንጭ መስመር ሌላ ነው።› ሰማህ? መስመር ታስተምረኛለች፤ እኔን፣ አናጢውን።»

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ቢኖር ኖሮ «ለመሆኑ የእህትህ ልጅ ከየት አገኘው?» ይል ነበር። አስተማሪው እኔ ግን አላልኩም። የወዳጄ ቁጣ ሲግል እኔም አብሬ ጋልኩ፤ ሽማግሌ ተደፈረ ብዬ ደሜ ፈላ። ክንዱን ይዤ ቤቴ ወሰድኩት፤ ወረቀት አወጣሁ፤ ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ የሚሆን የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፍኩለት።

ምን ያለ ደብዳቤ መሰላችሁ። «ፀጉሩ በእንጨት ብናኝ የሸበተ ሐቀኛ ሠራተኛ» የሚል አለበት። «ሥነ ምግባር የጎደላት፣ ታላላቆቿን ማክበር ያልተማረች» የሚልም አለበት። ያልተማረች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ አባ ልክ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱ ፈረመ። እኔ አልፈረምኩም። የጸሐፊው ስም ምን ያደርጋል ብዬ ነው፤ ሆድ ግን ያውቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ልጅቱ ከመስኮቱ ተነሥታ የኋላ ክፍል ውስጥ የቆዩ ፋይሎች እንድትደረድር ተደረገች ሲባል ሰማን። አባ ልክ ደስ አላለውም፤ ይህን ለእውነት ስል እመሰክራለሁ። «ትንሽ ትማርበት» ብቻ አለ። ቦርሳው እንጨት በሚሠራበት ቤት ውስጥ፣ ከኮላው ጣሳ ጀርባ፣ በተቆለፈ ሳጥን ተቀምጧል። የእህቱ ልጅ በየቀኑ እየደወለ «ምነው ዘገየ?» ይለዋል።

በስድስተኛው ቀን አመሻሹ ላይ አባ ልክ ዘንድ የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጬ ወግ ስንጠርቅ፣ ልጅቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በበሩ ገባች። ዓይኔን የት ላድርገው?

«እንደምን ዋላችሁ» አለችን ጎንበስ ብላ።

አባ ልክ መላጊያውን አላቆመም፤ ሆኖም ተቆጥቶም ቢሆን እንግዳ ቆሞ አያይም። ሰጋቱራውን በእጅጌው ጠርጎ ዱካ ገፋላት። «ተቀመጪ» አላት።

«ጋሼ፣ ባንኩ አልላከኝም። ቂም ይዘውብኝ እንዳይቀሩ ብዬ በራሴ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ሌባ እመስላለሁ ልጄ?»

«አይመስሉም።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ሌባ የሚመስል ሰውማ ራሱ አይመጣም ጋሼ። የማይመስል ሰው ይልካል።»

መላጊያው ለአፍታ ቆም አለና እንደገና ሄደ። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ዝም ማለት ብችል ኖሮ አስተማሪ ባልሆንኩ ነበር።

«ልጄ» አልኳት፤ «ጥያቄ መልካም ነው። ጥያቄ ግን ቦታ አለው። ሰው ከሰው የሚኖረው በመተማመን ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሐቀኛ ሆኖ የኖረን ሰው እንደ ተራ ሰው ‹አስረዳ› ማለት መተማመንን ማፍረስ አይደለም ወይ? ሕግ ለሚጠረጠር ነው፤ ለተከበረ ሰው ክብሩ ይቀድማል።»

«መምህር፣ አይቆጡኝና፣ የተከበረውን ሳልጠይቅ ያልተከበረውን ብቻ ብጠይቅ ያ አይደለም ወይ ስድቡ? የቀን ሠራተኛው ሲመጣ ‹አንተ ከየት አመጣህ› ብዬ፣ ጋሼ ሲመጡ ‹ይለፉ› ብል፣ የቀን ሠራተኛውን ሌባ አልኩት ማለት ነው። ሁሉንም ስጠይቅ ማንንም አልሰደብኩም።»

አፌን ለመሙላት ያህል «እሱስ ልክ ነው፣ ግን አጠያየቅም አለ» አልኩ።

«እሱን ይንገሩኝ» አለች፤ «ሰው እየሰማ መጠየቄ ልክ አልነበረም። ወደ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ዝግ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ለእሱ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ለጥያቄው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

አባ ልክ ቀና ብሎ አያት። ድፍረቷ ሳያስቆጣው አልቀረም፤ ሆኖም ልክ ነገር ሲሰማ ጆሮው ይከዳዋል። «እስቲ አስረጂኝ» አላት። «ገንዘብ ገንዘብ ነው። መልኩ አንድ ነው። ከየት እንደመጣ ማወቁ ምን ይጠቅማችኋል? እናንተ ሥራችሁ መቀበል አይደለም?»

«ይኸኛውን ጣውላ ሲገዙ ምን ጠየቁ?»

«እንዴት ምን ጠየቁ? መቼ እንደተቆረጠ ጠየቅሁ። በምን እንደደረቀ ጠየቅሁ። አንኳኳሁት፣ አሸተትኩት።»

«ነጋዴው ተቀየመዎት?»

«ምን ቆርጦት ነው የሚቀየመው? የሚቀየም ከሆነማ እርጥብ ነው ማለት ነው።»

«አንድ ጊዜ ሳይጠይቁ የገዙት አልነበረም?»

አባ ልክ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ እሱ። ታሪኩን ሦስታችንም እናውቀዋለን። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት የኔን ክፍል በር የሠራ እሱ ነው። ጣውላውን የሸጠለት የሚስቱ አጎት ስለነበረ «ደርቋል ወይ?» ማለት አፍሮ፣ በይሉኝታ ዝም ብሎ ገዛው። ክረምት ሲገባ በሩ አበጠና አልዘጋ አለ። ይህች ልጅ ራሷ ከጓደኞቿ ጋር ድንጋይ እያንከባለለች በሩን ስትደግፍ ከረመች። አባ ልክ በኋላ ከኪሱ አውጥቶ ሌላ በር ሠራልን። ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነካው ያኔ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ማለፍ እንኳ ያሳፍረው ነበር።

«የዘመድ ጣውላ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ገንዘብም እንደዚያው ነው ጋሼ። የተሰረቀ ገንዘብ እንደተሰረቀ አይበላም። ሰውየው ድንገት ተነሥቶ ቤት ልግዛ ቢል ‹ከየት አመጣኸው?› ይባላል። ስለዚህ አንድ ታማኝ ሰው ይፈልጋል። ገንዘቡ በታማኙ ሰው ሂሳብ ገብቶ፣ ወደ ሦስት ሰው ይበተናል፤ ከሦስቱ ወደ ዘጠኝ። ዞሮ ዞሮ ባለቤቱ ጋ ሲመለስ የታጠበ ይመስላል። ገንዘብ ማጠብ የሚሉት ይህን ነው። ታዲያ የተሰረቀው ሰው አቤት ብሎ ዱካው ሲፈለግ፣ መጀመሪያ የሚገኘው ስም የሌባው አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የታማኙ።»

መላጊያው ቆመ። ከዚህ በፊት የአባ ልክን እጅ እንደዚያ ሥራ ላይ ፈዝዞ አይቼው አላውቅም።

«የእህቴ ልጅ ነው እኮ» አለ። «ነጋዴ ነው።»

«የምን ንግድ?»

«ሰው... ሥራ ያገናኛል። ባሕር ማዶ ሥራ።»

«ማንን ከማን ጋር ነው የሚያገናኘው? ከማን ምን ይቀበላል? ቢሮውን አይተውታል?»

አባ ልክ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አውጥቶ አገላብጦ አየውና መልሶ ሰካው። «እሱን አልጠየቅኩትም» አለ።

ልጅቱ ብድግ አለች። ድል አድርጌያለሁ የሚል ነገር ፊቷ ላይ አላየሁም፤ እንዲያውም ያዘነች ትመስል ነበር። «እኔም የጠየቅኩዎት ያንኑ ነው ጋሼ» አለችና እጅ ነሥታ ወጣች። ወደ እኔ አንድ ጊዜ ተመለከተች። ስለ ደብዳቤው አንዲት ቃል አላነሣችም።

እዚህ ላይ አባ ልክ ተመለሰ፣ ተጸጸተ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። የሰው ልጅ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ባይ ነው። እሷ እንደወጣች ስልኩን አንሥቶ ለእህቱ ልጅ ደወለ። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

«አጎቴ፣ አንተም እንደ ባንክ ልትመረምረኝ ነው?» አለው ልጁ እየሳቀ። «ንግድ ነው አልኩህ እኮ። እዚያ ካስቸገሩህ ለአራት ከፍለህ በአራት ባንክ አስገባው። ትንሽ ትንሽ ሲሆን ማንም አይጠይቅህም። ደግሞ ያንን የኤሌክትሪክ መጋዝ አዝዤልሃለሁ።»

አባ ልክ ስልኩን ዘጋና መሬት መሬቱን እያየ «ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለኝ። መጋዝ ቃል እንደተገባለት ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ማንም የማይጠይቀው ለምን ይሆን ብሎ ማሰብ እንኳ ምን ያህል ቀላል ነበር። እኔ ግን «እሄዳለሁ» አልኩት። ቃላት መርጬ ከጻፍኩት ደብዳቤ ወዲህ ወደ ኋላ መመለስ እኔንም ከብዶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳውን ተራ በተራ እየተሸከምን ወደ ሌላው ባንክ ስንሄድ፣ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ በኩል አለፍን። አባ ልክ እርምጃውን ገታ። ደጃፉ ላይ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች መሀል፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ተቀምጧል።

«ይህ የኔ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ጠረጴዛው። እኔ ነኝ የሠራሁት።» ጎንበስ ብሎ በእጁ ከሥሩ ዳበሰ። «ለልብስ ሰፊዋ ነው። ጀርባዋን ስለሚያማት ማጎንበስ አትችልም፤ በአራት ጣት ከፍ አድርጌ ነው የሠራሁላት። ምን ሆና ሸጠችው?»

ባለ ሱቁ ከውስጥ ሰማን። «ውሰደውና ገላግለኝ አባቴ» አለ። «ሦስት ሳምንቱ ነው። ለሌላ ሰው ከፍ ይላል፤ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይሞክርና ይሄዳል።»

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሩቅ አይደለም። አባ ልክ ባንኩን ረስቶ ወደዚያ አመራ፤ እኔም ቦርሳውን አቅፌ ተከተልኩት። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሰው ሸሚዝ ቁልፍ በእጇ ትተክላለች። አጎንብሳ ነው፤ ስታየን አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በመከራ ተነሣች።

«መኪናሽን ምን ነካሽና ሸጥሽው?» አላት ሳይቀመጥ።

ሴትዮዋ ፊቷ በራ። «ኧረ ደህና ነገር ነው ጋሼ። ለልጄ ብዬ ነው። ባሕር ማዶ የሆስፒታል ሥራ ልትገባ ተመዝግባለች። የኔ መኪና ብቻም አልበቃ ብሎ ተበድሬ ጨመርኩ። ዛሬ ነገ ይጠሯታል ብለን እየጠበቅን ነው።»

«የት ነው የተመዘገበችው?»

«እንዴ፣ የእርስዎ እህት ልጅ ዘንድ ነዋ።»

አባ ልክ ወዳቀፍኩት ቦርሳ ዞር አለ።

«መጀመሪያ ፈራሁ» አለች እሷ፤ «ሰው ተጭበረበረ ሲባል ስለምሰማ። ኋላ ግን ‹የአባ ልክ የእህት ልጅ ነኝ› ሲለኝ፣ ከዚያ በኋላ ምን ልጠይቅ? እሳቸው ያሉበት ነገር ያለ ልክ አይሆንም ብዬ ሰጠሁት። ቆይ ደረሰኙን ላሳይዎ።»

ደረሰኙን ይዛ መጣች። ማኅተም የሚመስል ነገር አለበት፤ የአገናኙ ድርጅት አድራሻ ግን የለበትም፤ የፈቃድ ቁጥርም የለበትም፤ ስልኩ ላይ ቢደወል አይነሣም። ልጇ ሁለት ሳምንት ደውላለች። እናትየው «ሥራ በዝቶበት ነው» ብላ አጽናንታታለች።

አባ ልክ ቦርሳውን ከእቅፌ ወሰደና ከፈተው። ለምን እንደከፈተው የሚያውቀው እሱ ነው። ገንዘቡ በየጥቅሉ በላስቲክ ታስሯል፤ አንዱ ጥቅል ብቻ በሰማያዊ ጨርቅ ቅዳጅ ነው የታሰረው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይህ የኔ ነው» አለች። «የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ ነው። እኔ ነኝ ያሰርኩት።» ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ እሱን አየችው፤ ቀጥላም ቦርሳውን። «እርስዎ ጋ ምን ይሠራል ጋሼ?»

አንባቢዬ ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን አፍሬ አላውቅም። ጥያቄው እኮ ያው የልጅቱ ጥያቄ ነው። ባንክ ውስጥ ስንጠየቅ ስድብ የመሰለን፣ አንዲት መኪናዋን የሸጠች ሴት ደጃፍ ላይ ስንጠየቅ መልስ አጣንለት። አባ ልክ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ያ ሦስት ጊዜ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «ስሜን ሸጠው» አለ። ቀጥሎም «አይ፣ እኔ ነኝ ያበደርኩት» አለ።

እዚያው ገንዘቧን አውጥቶ ሊሰጣት ፈለገ። እኔ በዚያ ሁሉ ጥፋቴ መሀል አንድ ልክ ነገር የሠራሁት ያኔ ነው፤ እጁን ያዝኩት። «ይህ ቦርሳ የእሷ ብቻ አይደለም» አልኩት። «ላስቲኮቹን እያቸው። የሌሎችም ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ወደምታውቀው ሰው እንሂድ።»

ሄድን። ሦስታችንም፤ ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ፣ እኛ አንገታችንን ደፍተን። ልጅቱን ከፋይል ክፍሉ አስጠራናት። እጇ አቧራ ለብሶ ነበር። አባ ልክ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ምንጩን ልነግርሽ መጣሁ» አላት።

የነገርናትን እያንዳንዷን ቃል ጻፈች። ሰማያዊዋን ቅዳጅ እንዳትፈታ ለሁሉም ነገረች። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሆና ገንዘቡን ቆጥረው በፊርማ ተረከቡ፤ ለሚመለከታቸው ክፍሎች አሳወቁ፤ አባ ልክም ከፖሊስ ፊት ቀርቦ የሚያውቀውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። የእህቱ ልጅ በሦስተኛው ቀን ተያዘ። የፕላስቲክ አበባ ከተደረደረበት ቢሮው ውስጥ የአሥራ ዘጠኝ ሰዎች የደረሰኝ ቀሪ ተገኘ። አሥራ ዘጠኙም አንድ ነገር ተናገሩ፤ የአባ ልክ የእህት ልጅ መሆኑን ሰምተው ነው ያመኑት።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሻችሁም። አባ ልክን እህቱ «ልጄን አሳልፎ ሰጠ» ብላ እስከ ዛሬ አታናግረውም፤ በበዓል እንኳ ደጇን ዘግታበታለች። ከዚህ በፊት በሌሎች ታማኞች ሂሳብ ያለፈው ገንዘብ እንደወጣ ቀርቷል። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ግን፣ ልጅቱ በጠየቀች ጊዜ ስለቆመ ብቻ፣ በአምስተኛው ወር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለባለቤቶቹ ተከፋፈለ። ያን ቀን በጠዋት «ስምዎ ይበቃል» ብላ ተቀብላው ቢሆን ኖሮ፣ በሳምንቱ ሦስት ቦታ፣ በወሩ ዘጠኝ ቦታ ነበር። አባ ልክም ዛሬ ጣውላ ሳይሆን የእስር ቤት ግድግዳ ይለካ ነበር። ስፌት መኪናውን አባ ልክ ከኪሱ ገዝቶ መለሰላት። ጠረጴዛውን ልጎ አዲስ ቀለም ቀባው። የታዘዘው የኤሌክትሪክ መጋዝ ሲመጣ ደግሞ ሳይከፍተው ለፖሊስ አስረከበ።

አሁን የኔ ነገር ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ብቻዬን ገባሁ። ያ ደብዳቤ የኔ እንደሆነ፣ ውስጡ ያለው ስድብም የኔ እንደሆነ ነገርኩት። ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ላይ ስሜን በትልቁ ፈረምኩ። ልጅቱ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ከዚያ እሷን ጠርቼ ልነግራት ስጀምር ምላሴ ተሳሰረ። ሠላሳ አንድ ዓመት የለፈለፍኩበት ምላስ።

«አውቄያለሁ መምህር» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ደብዳቤውን ሥራ አስኪያጁ ሲያሳየኝ የመጀመሪያውን መስመር እንዳየሁ አወቅሁት። መጻፍ የተማርኩት ያንን እጅ እያየሁ ነው እኮ።»

«ታዲያ የዚያን ዕለት አባ ልክ ሥራ ቤት ውስጥ ለምን አላነሣሽብኝም?»

«ጋሼ ፊት ላሳፍርዎ አልፈለግኩም» አለች። «መጥተው እስኪነግሩኝ ጠበቅኩ።»

እኔ እሷን ሰው ፊት አሳፍሬያት፣ እሷ እኔን ከማሳፈር ተቆጥባ ያን ሁሉ ቀን አቧራ ስትጠርግ ሰነበተች። ይቅርታ አድርጊልኝ ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ እሱንም አልኩ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ነገ ባንክ ሄዳችሁ «ከየት አገኙት?» ብትባሉ እንደኛ ደረጃ ላይ አትኩረፉ። ሐቀኛ ሰው መልስ አለው፤ ሁለት ደቂቃ ቢወስድበት ነው። ዘመድ «በስምህ አስገባልኝ» ቢላችሁ ገንዘቡን ሳይሆን ስማችሁን እንደጠየቃችሁ ዕወቁ። ይሉኝታ ያዘኝ ብላችሁ ዝም ያላችሁት አንድ ጥያቄ፣ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይጠብቃችኋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ስም ግን ለጥያቄ መልስ አይሆንም። የአባ ልክ ስም ለአሥራ ዘጠኝ ሰዎች መልስ ሆኖ ምን እንዳደረሰ አይታችኋል።

ባለፈው ወር ከአባቴ የወረስኳትን ትንሽ ቦታ ሸጥኩ። ገንዘቡን ይዤ ባንክ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቷ ላይ ያለችው እሷ ነች። ገንዘቡን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋ አድርጋ ቅጹን ራሷ ትሞላልኝ ጀመር። የምንጩ መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። መምህሯን ሰው ፊት መጠየቅ አፍራ ነው።

ከኋላዬ ስምንት ሰው ተሰልፏል። አባ ልክም ከስምንቱ አንዱ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ» አልኳት፤ «ጠይቂኝ እንጂ፣ ወይዘሪት ለምን።»

ቀና አለች። «መምህር» አለች፤ «ይህን ገንዘብ ከየት አገኙት?»

የሽያጭ ውሉን ከኪሴ አወጣሁና፣ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው እስኪሰማ ድረስ መለስኩላት።